ልቧን አትቅበረው

ነሐሴ ሲገፋ፣ ጋውያ ወንዝ ሲከሳ፣
ጉሙ ከጥዱ ሥር ቀስ ብሎ ሲነሳ፣
ታሊቫልዲስ ወጣ፣ ከአጥሬ ማዶ ያለው፣
ችካልና ሲባጎ፣ ውሃ ልክ የያዘው።
ሠላሳ አንድ ዓመት የሪጋን ሐዲድ ሲያቃና ኖሮ
ጡረታ ወጣ እንጂ ሐዲዱ አልወጣም፣
ራሱ ውስጥ ቀርቷል ተቀብሮ፤
እንጆሪ ሊተክል መደቡን ይለካል፣
ከችግኝ እስከ ችግኝ መልሶ ይለካል፣
ትል እንኳ ብታልፍ ቁመቷን ይለካል።

እኔ ቪዝማ ነኝ፤ የዚህኛው ጓሮ።
ቃል ከተለዋወጥን አራት በረዶ አልፏል፤
ጠባችን በሐረግ ነው፤ ሳቁ፣ ምን ይደረጋል።
አንዲት የእንጆሪ ሐረግ፣ ቀጭን እንደ ክር፣
ሹልክ ብላ ወጣች በአጥሬ ሥር፣
ማዶ ሥር ሰደደች፣
ማዶ ልጅ ወለደች።
«ልጅቷ የኔ ናት፣ እናቷ እዚህ አለች!»
«የኔን ውሃ ጠጥታ፣ የኔ ሆና አደገች!»
እናት በዚህ በኩል፣ ልጅ በዚያ በኩል፣
እትብት በአጥሩ መሐል።
መቀስ ይዞ መጣ፤
ልክ ድንበሩ ላይ፣ አንዲት ሚሊሜትር ሳያዛባ፣
ቀጭ።
እኔም በሬን ዘጋሁ፣ እርሱም ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ በየዓመቱ ይተክላል፣
በየዓመቱ ይበሰብሳል።
በመጋረጃዬ ቀዳዳ አየዋለሁ፤
ምን ልዋሽ በስተርጅና? ደስም ይለኝ ነበር፣
በሰኔ እኔ በሳህን ስለቅም፣ እርሱ ባዶ መደብ ሲዞር።

ዛሬ ግን ተንበረከከ፣ በአካፋው ተመርኩዞ፣
ችግኟን በሁለት እጁ እንደ ጫጩት ይዞ፣
እስከ አንገቷ ጉድጓድ ከተታት፣ አፈር አለበሳት፣
ባርኔጣውን አውልቆ «ዘንድሮ እንኳ አትሙቺ» አላት።
ለችግኝ ነው እንግዲህ።
አፌ ቀደመኝ፦
«ቀበርካት እኮ!»

ቀና አለ፣
አጥር ሲናገር የሰማ ይመስል።
«ማንን?»
«ልቧን ነዋ! ያቺ ቅጠሉ ሁሉ የሚፈልቅባት፣
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣
ከአፈሩ ጋር እኩል ትሁን።
ዝቅ ካለች ትበሰብሳለች፣
ከፍ ካለች ሥሯ ተራቁቶ ትደርቃለች።
ልብ አድርግ፤ ልቧ ላይ አፈር አታድርግ።

«አውጣት። ጉድጓዱን አስፋው፤ መሐሉ ላይ አፈር ቆልል፣
እዚያ ጉብታ ላይ አስቀምጣት፣
ሥሮቿን እንደ ቀሚስ ዙሪያዋን ዘርጋላት።
የረዘመውን ከርክም። በጡጫህ ጠቅጥቅ፣
ሳብ ስታደርጋት እሺ እንዳትል።
ሰማዩ ዝናብ ቢያረግዝም አጠጣት፤
ሰማይ አይታመንም።
ደግሞ ይሄ መደብ፣ አምና ድንች ያወጣህበት አይደል?
ድንች በሽታውን ለአፈር አውርሶ ነው የሚሄድ፤
ወዲያ፣ ወደ ሽንኩርቱ ፈቀቅ በል።
የመጀመሪያ አበባዋን ቅጠፍ። አዎ፣ ጨክን።
ሐረግም ስታወጣ...»

እዚህ ላይ ምላሴ ተያዘ።
ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀውን
አሁን ገና ከራሴ አፍ ሰማሁት፦
እናቲቱ እንዳትደክም፣ ሐረግ ይቆረጣል።
«ሐረግም ስታወጣ?» አለ፣
እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ።
«ትቆረጣለች» አልኩ፣ ወደ ጎመኔ ዞሬ።
አልሳቀም። እግዜር ይስጠው፣ አልሳቀም።

ሄደና ከአጥሩ ሥር ገለባ ገለጠ፤
ያቺ ልጅ!
አራት በረዶ ያልገደላት፣ ቅጠሏ መዳፍ የሚሞላ፣
ከመደቡ ሁሉ ብቸኛዋ ሕያው።
ማንም ስላልተከላት
ልቧን የሚቀብር አልገጠማት።

«በምን ያህል ርቀት?» አለ፣ ማስመሪያውን መዞ።
«ማስመሪያ ተው፤ ክንድ ይበቃል።»
«የማን ክንድ? የኔ ረጅም ነው።»
በአጥሩ ቀዳዳ እጄን ሰደድኩለት፣ አፈር እንደ ነካው፤
ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ፣ አጎንብሶ፣ ሁለት ጊዜ ለካው፤
«አርባ ሁለት» ብሎ
ደብተሩ ላይ ጻፈው።